ናጂማ የደበቀችው ንክሻ

በዚህ ታሪክ መሃል ያለውን ተረት የነገሩኝ አው ሙሜ ናቸው፤ ከኤረር በር ገባ ብሎ ባለው በረንዳ ላይ ልብስ የሚሰፉ የጀጎል ሽማግሌ። እሳቸው ደግሞ ከዐረብኛ አስተማሪያቸው ነው የሰሙት። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሴት ነኝ፤ ያየሁትንና የሰማሁትን ግን አልረሳም፣ ሰፈሩ ይመሰክራል።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከጎረቤታችን ልጅ ከናጂማ ጋር ከግንቡ ሥር የተኛ ቡችላ ዳቦ ስናበላ ሁለታችንንም ነከሰን፤ እኔን ክንዴን፣ እሷን ባቷን። የእኔ ደም ቀሚሴ ላይ ታየና እናቴ እየጎተተች ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። የናጂማ ግን ከቀሚሷ ሥር በለበሰችው ሱሪ ተሸፈነ። በሦስተኛው ቀን ቡችላው አረፋ ደፍቆ ሞተ፤ አብዶ ነበር አሉ። ለእኔ በየቀኑ እምብርቴ ዙሪያ የሚወጋ መርፌ ታዘዘልኝ።

መርፌው ያማል። እኔ ግን ያማል ብዬ ብቻ የምተው ልጅ አልነበርኩም። «የጆንያ መስፊያ ወስፌ ነው የሚያክለው፤ በጀርባዬ ሊወጣ ነበር፤ አራት ሰው ነው የያዘኝ» አልኳት ለናጂማ። የያዘችኝ እናቴ ብቻ ነበረች። የናጂማ ፊት አመድ መሰለ።

«የእኔን ለሰው ብትናገሪ ውርድ ከራሴ! ማዪልኝ።»

«ወላሂ አልናገርም።»

«ወላሂማ ለከረሜላም ትያለሽ። በራስሽ ሃይማኖት፣ በማርያም በይ!»

በማርያም አልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርሃት አብሮኝ ይውል አብሮኝ ያድር ጀመር። ወረፋ ስንጠብቅ ሴቶቹ መርፌውን ያልተወጋ ሰው መጨረሻው ምን እንደሚሆን ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ ውሃ ሲያይ ይጮሃል ይላሉ። ናጂማ ውሃ በጠጣች ቁጥር ጉሮሮዋን አያለሁ፤ ስትውጥ እኔ እተነፍሳለሁ። ብናገር ማርያም ትቀጣኛለች፣ ናጂማም ትጠላኛለች። ዝም ብልስ? ያን እስከ መጨረሻው ማሰብ አልችልም ነበር።

እናቴ ከገበያ እስክትመለስ አመሻሽ ላይ የምቀመጠው አው ሙሜ በረንዳ ላይ ነበር። መብራት ሲጠፋ ፋኖሱን ከስፌት መኪናቸው በላይ ይሰቅላሉ፤ የከሰል ካውያቸውን ክዳን ከፍተው ፍሙን ሲያራግቡ ጭሱ ከእርጥብ ጨርቅ ሽታ ጋር እየተቀላቀለ ዓይኔን ያቃጥለኛል። አምስተኛውን መርፌ በተወጋሁበት ምሽት መንቀጥቀጤን አዩ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ ተረት ጀመሩ።

«በዩናን አገር፣ ግሪክ በሚሉት፣ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሚያስተምሩ ሰዎች ነበሩ። የሪዋቅ ሰዎች ይባላሉ፤ የበረንዳ ሰዎች ማለት ነው። የትምህርታቸው ሥር፣ የራስህን የራስህ ካልሆነው ለይ የሚል ነው። አንዱ የጎረቤቱ ጣሪያ ሲጨስ አየ። ጎረቤቱ ደግሞ ከእንቅልፉ የቀሰቀሰውን ሁሉ በዱላ የሚል ቁጡ ነው። ሰውዬውን መንቀጥቀጥ ያዘው። ‹ነፋሱ የእኔ አይደለም። የጎረቤቴ ቁጣም የእኔ አይደለም። ይሄ መንቀጥቀጥ ራሱ ሳልጠራው የመጣ ነው። በሩን ማንኳኳት ግን የእኔ ነው› አለ። እየተንቀጠቀጠ አንኳኳ።»

«ከዚያስ አባባ?»

«ጎረቤቱ ወጣና በዱላ አለው።»

«እሳቱስ?»

«ጠፋ።»

«አመሰገነው?»

«ኧረ ልጄ! ማመስገኑማ የጎረቤቱ ነው» ብለው ካውያውን ጨርቁ ላይ ጫኑት።

ተነስቼ ወጣሁ። የናጂማ ቤት ሦስት አጥር ማዶ ነው፤ ያኔ ግን ያ ጠባብ መንገድ የማያልቅ መሰለኝ፤ ማርያም በየግንቡ ላይ ቆማ የምታየኝ እየመሰለኝ አንገቴን ደፍቼ ሄድኩ። አንኳኳሁ። እናቷ ከፈቱ።

«ናጂማን ውሻ ነክሷታል» አልኳቸው።

«የዛሬው ወሬሽ ደግሞ ይሄ ነው?» ብለው ሳቁ። እሳቸው እንዲያምኑኝ የሚያደርግ አንድም ነገር ከዚያ በፊት ነግሬያቸው አላውቅም።

«ባቷን ይዩት። ሱሪዋን ይግለጡት።»

ናጂማ መደቡ ላይ ጥግ ይዛ እግሯን ሰበሰበች። እናቷ ገለጡት። «ያ አላህ!» ብለው ሲጮሁ ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ።

«ወሬኛ! አፍሽን ማርያም ትዝጋው!» አለችኝ ናጂማ።

ለብዙ ሳምንት በየጠዋቱ አፌ መከፈቱን በጣቴ እየነካሁ ነው የተነሳሁት።

ዛሬ ልጄ በስልኳ ስቶይክ የሚባል፣ የእነዚያኑ የበረንዳ ሰዎች ትምህርት ታዳምጣለች፤ ሥራ ቦታ የሚያስጨንቋትን ችላ የምትለው በሱ ነው። ሰው ወሬኛ የሚለኝንም ችላ በዪው ትለኛለች። እኔ እሱን ያወቅኩት ከአው ሙሜ ፍም አጠገብ ነው፤ ማወቅና መኖር ግን ይለያያል፤ ጭስ በሌለበት ቤትም ብዙ ጊዜ አንኳኩቻለሁ። መንቀጥቀጡ እስካሁን አልለቀቀኝም።

ናጂማ መርፌዋን ጨረሰች። አሁን ድሬዳዋ ናት፤ አራት ልጆች አሏት፤ አታናግረኝም። አው ሙሜ አርጅተው ሞቱ። ያው ቡችላ እኛን በነከሰበት ሳምንት አንዲት ድንች ሻጭም ነክሶ ኖሯል፤ እጇን በሻሽ አስራ ገበያዋን ቀጠለች። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች። ሲነክሳት ያየ ሰው አልነበረም።