ቀስ ብሎ የሚዞር ዘንግ

ወዳጄን በወጣትነቱ ማሽን ሊበላው ነበር። ገና የቶርኖ ሥራ እየለመደ ሳለ የሹራቡን እጅጌ የሚሽከረከረው ብረት ያዘና ክንዱን እየጠቀለለ ይስበው ጀመር። ያዳነው የማሽኑ አሮጌ ቀበቶ ነው፤ ላልቶ ስለነበር ከመዘውሩ ላይ ሾልኮ ወደቀ። ሁለት ጣቶቹን አጣ፤ ነፍሱ ተረፈች። በኋላ ያገባት ልብስ ሰፊ ይህን ስትሰማ የሸሚዞቹን እጅጌ ሁሉ ከክርኑ በላይ ቆረጠች። ከዚያ ወዲህ ብርድ ቢሆን ሠርግ ቢሆን ረጅም እጅጌ ለብሶ ያየው ሰው የለም።

ልኩ ስለማይዛነፍ በሰፈሩ “ሚሊሜትር” እንለው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ቦኮላ ነው፤ ዘንግ የሚዞርበት ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ፣ ብረት ብረትን እንዳይበላ የሚያደርግ ቀለበት። የውሃ ፓምፕ በሉ፣ ወፍጮ በሉ፣ የሱ ቦኮላ ያልገባበት አልነበረም። ነሐስ ይወዳል። ፕላስቲክ ሲያመጡለት፣ “ይሄ የልጆች መጫወቻ ነው” ብሎ ወደ ጥግ ይወረውራል።

ሚስቱ ለእኔም እንደ እህት ነበረች። ወገቧ አልታዘዝ ብሎ አልጋ ላይ ቀረች። የመኝታ ቤታቸው መስኮት የሚያሳየው የጎረቤት ግድግዳ ብቻ ነው፤ እሷ ደግሞ ዕድሜዋን የመንገዱ መታጠፊያ ላይ፣ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ፣ አላፊ አግዳሚውን ስታይ የኖረች ናት። በዚያ ላይ የስኳር በሽታዋ ዓይኗን ያደበዝዘው ጀመር። ሐኪሙም እየባሰ እንደሚሄድ አልደበቃቸውም።

“አንተ ሰውዬ፣” አለችው አንድ ቀን እኔ ባለሁበት፣ “ዓይኔ ሳይከዳኝ ያቺን ቦታዬን አሳየኝ። ወንበሬ ላይ ሆኜ አንገቴን ቀስ አድርጌ እንደማዞር፣ ዙሪያውን በሙሉ።”

ልጃቸው የተወችላቸው ካሜራ ነበረች። በእጁ ይዞ እየዞረ ቀረጸ። ጣት የጎደለው እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ምስሉን ስታይ ራሷን አዞራትና አስመለሳት።

“ጠጥተህ ነው እንዴ የቀረጽከው?” አለችው አፏን እየጠረገች።

እኔ ሳቅሁ፤ እሱ አልሳቀም። ካሜራዋን የሚያዞር ማቆሚያ ሊሠራ ተነሳ።

ዘንግ አበጀ። ከተጣለ ማይክሮዌቭ ሳህኑን ቀስ አድርጎ የሚያዞረውን ሞተር ፈታ፤ በቀበቶ አድርጎ ይበልጥ አዘገመው። ቦኮላውን ከምርጥ ነሐሱ አወጣ፤ ዘይት አጠጣው። በእጁ ሲያሾረው እንደ ቅቤ ነው። መታጠፊያው ላይ ተክሎ ሞተሩን ሲያስነሳው ግን ዘንጉ ይቆማል፣ ይዘላል፤ ይቆማል፣ ይዘላል። ምስሉ እንደ አንካሳ ሰው እያነከሰ ሄደ።

“ጠብቦት ይሆናል” አለና አሰፋው። ዘንጉ ተወላገደ። ሌላ አወጣ፤ ዘይት ቀየረ፤ ያው ነው። እንጨት ዘይት ውስጥ ዘፍዝፎ ሞከረ። ዝናብ ሲመጣ እንጨቱ አበጠና ዘንጉን ነክሶ ያዘ።

ወደ ቤት ሲገባ፣ “ዛሬስ?” ትለዋለች።

“ነገ።”

“ነገህማ ረዘመ። ሚሊሜትር መሆንህ ቀርቶ ሜትር ሆንክ እኮ!”

እኔ በሩ ላይ ስቆም፣ መጀመሪያ መጀመሪያ፣ “ኮትህ ቁልፍ ጎድሎታል” ትለኝ ነበር። በኋላ፣ “ማነህ?” ማለት ጀመረች። እሱም ይህን ይሰማል። ተመልሶ ወደ ማሽኑ ይሮጣል፤ ሌላ መሄጃ አልነበረውም።

አንድ ቀን ሥራ ቤቱ ስደርስ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል።

“ወንድሜ፣ እኔ የኖርኩት ለሚሮጥ ዘንግ ነው” አለኝ። “ሲሮጥ ዘይቱ ራሱ ያንሳፍፈዋል። ሲያዘግም ግን ዘይቱ ይሸሻል፤ ብረት ብረት ላይ ይተኛል። ቀርፋፋ ነገር ሠርቼ አላውቅምና አልገባኝም።”

“ታዲያ ምን ይሻላል?”

ወደ ጥግ ሄደና ከወረወራቸው መጫወቻዎች መካከል ነጭ የቴፍሎን ፕላስቲክ ቁራጭ አነሳ። በጣቱ ሲያሸው ያዳልጣል። ዘይትም አያስፈልገውም። ቀለበት አድርጎ አወጣው። ዘንጉ በዚያ ውስጥ ሲዞር መዞሩ ያጠራጥር ነበር፤ መታጠፊያው ላይ ተክሎት ዙሪያውን ዞሮ እስኪመለስ ምስሉ አንዴም አልዘለለም።

ምስሉን ፊቷ ድረስ አስጠግቶ ያዘላት።

“ምን ይታይሻል?”

“ብርሃን። ብርሃን ሲያልፍ።”

አጠገቧ አልጋው ላይ ተቀመጠ። “ይኸው ጫማ ጠጋኙ” አላት።

“ባርኔጣውን አድርጓል?”

“አድርጓል።”

“እሱማ ሲቀብሩትም አያወልቃት። ቀጥሎ ቧንቧው ነው።”

“ቧንቧው ነው፣ አዎ።”

“እንዲህ ቀስ እያልክ ሂድልኝ።”

እኔ ፊቴን ወደ ጎረቤት ግድግዳ አዞርኩ።

ብዙም አልቆየች። ካለፈች በኋላ ሥራ ቤቱ ሄድኩ። በዚያ ብርድ አጭር እጅጌውን ለብሶ ማቆሚያውን እየጠረገ ነበር። ያ ሁሉ ልፋት ይቆጨው እንደሆነ ጠየቅሁት። ጨርቁን አስቀመጠ።

“ወገቧን አላቃናሁም፤ ዓይኗን አላዳንኩም። የምችለው አንድ ቀለበት ነበር፤ እሱም ዘገየ። ግን ከሰው ሁሉ መርጣ እኔን ጠየቀችኝ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።”