ከሻምቡ እስከ ኡኬ፦ ውሃ የማያስገባ ልብስ ፍለጋ

ዓርብ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ሻምቡ

መናኸሪያው ጉም ለብሷል። ሚኒባሱ እስኪሞላ እግሬን እያንቀጠቀጥኩ እጠብቃለሁ። ስለ ብርድ ለእኔ አትንገሩኝ! ሥራዬ ጠላቂነት ነው፤ ከዚህ ብዙም የማይርቅ ግድብ ውስጥ ገብቼ ውሃ መግቢያው ላይ ያለውን የብረት ወንፊት እፈትሻለሁ። ባለፈው ሳምንት ብርዱ ጣቶቼን አደንዝዞ መፍቻዬን ሐይቁ በላው። አለቃዬም፣ "ሰኞ ደረቅ ልብስ ለብሰሽ ካልመጣሽ ሌላ ጠላቂ ከአዲስ አበባ እናስመጣለን" አለኝና አረፈው።

ደረቅ ያለው ድራይ ሱት የሚባለውን ነው። ከውስጥ ሹራብ ተለብሶ ከላይ የሚጠለቅ፣ አንገቱና አንጓው ላይ ጥብቅ ላስቲክ ያለው፣ ጠብታ የማያስገባ ሙሉ ልብስ። አዲሱን ከውጭ ማስመጣት የማይታሰብ ነው። ነቀምቴ ያለ የሳልቫጅ ነጋዴ ግን ከቦንዳ ውስጥ አንድ ወጣልኝ ብሎ ፎቶውን ላከልኝ። ታዲያ ልቅር?

ባኮ ላይ ለቁርስ ወረድን። ጨጨብሳ፣ ሻይ፣ መንገድ ዳር የተቆለለ ማንጎ። ሹፌሩ የምሄድበትን ጉዳይ ጠይቆኝ ስነግረው ሳቁ አላስበላ አለው።

"ኦቦሌቲ፣ እህቴ፣ ላለመራስ ነው ውሃ ውስጥ የምትገቢው? እቤትሽ ብትቀመጪስ?"

ዓርብ፣ ከሰዓት 9 ሰዓት፣ ነቀምቴ

ልብሱ ቢጫ ነው። ያብረቀርቃል፣ ልኬም ነው። እኔ ደግሞ የሚያምር ነገር ካየሁ አበቃልኝ።

"ውሃ አያስገባም አይደል?"

"እህቴ፣ ወሬም አያስገባም!" አለ ነጋዴው፣ ደረቱን እየመታ።

ዘጠኝ ሺህ ብር ከፍዬ እየዘፈንኩ ወጣሁ። ለሰው ሁሉ "መጀመሪያ ዚፑን እዩ፣ የልብሱ ውድ ነገር እሱ ነው" እያልኩ የምመክር ሴት፣ ዚፑን አንዴ እንኳን ከፍቼ አልዘጋሁትም።

ቅዳሜ፣ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ነቀምቴ

ከማደሪያዬ ፊት ለፊት ጎሚስታ አለ። ለማንኛውም ልሞክረው ብዬ ሄድኩ። እጅጌዎቹን በጠርሙስ፣ አንገቱን በኳስ ወተፍን፤ ጎሚስታው ደረቱ ላይ ባለው የአየር መግቢያ ንፋስ ሞላበት። ቢጫው ሰውዬ ተነፍቶ መንገዱ መሃል ተንጋለለ፤ ባጃጆች ቆመው ይስቃሉ። ጎሚስታው እንደ ጎማ የሳሙና አረፋ ቀባው። ዚፑ ከዳር እስከ ዳር ፈላ!

ሰኞ ከነገ ወዲያ ነው።

ጎሚስታው ዚፑን ነካ ነካ አድርጎ፣ "ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ይሄ በኔ አይሆንም" አለኝ። ከዚያ ግንባሩን አከከ። "ግን የዚህን ልብስ ወንድም አውቀዋለሁ። እዚህ አቅራቢያ ኡኬ ያሉ ንብ አርቢ ይለብሱታል። ጉልበቱን የለጠፍኩላቸው እኔ ነኝ።"

"ንብ አርቢ?"

"ማር ሊቆርጡበት ነዋ! ለምን መሰለሽ የገዙት?"

ቅዳሜ፣ 6 ሰዓት፣ ኡኬ

ንብ አርቢው ኦቦ ዋቅጅራ በር ላይ ቆመው ተቀበሉኝ፤ እንደ እኔው አጭር ናቸው። "ኮቱ ኢንተላ ኮ፣ ግቢ ልጄ!" ልብሱ ጥላ ውስጥ ተሰቅሏል። ጥቁር፣ ጉልበቱ የተለጠፈ፣ ጭስ ጭስ የሚሸት፤ አስቀያሚ ነው ብል ኃጢአት የለብኝም። ዚፑን ሳብኩት። እንደ ቅቤ ሸርተት አለ!

"ምን አድርገውት ነው?"

"ሰም ነው። ዚፑ ደርቆ አልዘጋ ሲል ንቦቹ ገብተው ነደፉኝ፤ በየሳምንቱ ሰም እቀባዋለሁ።"

እኛ ጠላቂዎች ዚፕ እንዳይደርቅ ሰም ቀቡ ተብለን እንማራለን፤ እሳቸውን ያስተማሯቸው ንቦቹ ናቸው። ልብሱን ለብሼ ከቤታቸው ጀርባ ያለው ጅረት ውስጥ እስከ አንገቴ ተቀመጥኩ። ስወጣ ሹራቤ ደረቅ ነው። ልጩህ ወይስ ልሳቅ!

"ይሽጡልኝ።"

"አይሆንም። የማር መቁረጫ ጊዜ ደርሷል፤ ራቁቴን ልቁረጥ?"

ለመንኩ። ገንዘብ ጨመርኩ። ወይ ፍንክች! ከዚያ ዓይናቸው ቦርሳዬ ላይ ወደቀ። ቢጫውን አወጣሁላቸው። በጣታቸው ዳሰሱት፣ ወደ ፀሐይ ዘረጉት።

"ንብ ጥቁር አትወድም" አሉ ቀስ ብለው። "ይሄን ጥቁር ባየች ቁጥር ታብዳለች። የዚህ ዚፕ ግን ሞቷል።"

"ለውሃ ሞቷል። ንብ እንደ ውሃ አትገፋም፤ የጃኬት ዚፕ ይበቃታል።"

ልብስ በልብስ ልንለዋወጥ ተስማማን። ገበያው ዳር ያለው ልብስ ሰፊ ዘንድ አብረን ሄድን፤ አዲስ ዚፕ አሰፋሁላቸው። ውላችንን ራሳቸው ተናገሩት፦ የእኔ ውሃ ካስገባ ወይም የእሳቸው ንብ ካስገባ፣ ሁለቱም ልብስ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። አንድ ቁራጭ ሰምም መረቁልኝ።

ሰኞ፣ ከሰዓት 10 ሰዓት፣ ግድቡ

ወንፊቱን ጨርሼ ወጣሁ። ጣቶቼ ይታዘዛሉ፤ የወደቀውን መፍቻ ሳይቀር ይዤ ነው የመጣሁት! አለቃዬ ሹራቤን ዳሰሰና ጠጋ ብሎ አሸተተ። "ደረቅ ነው። ግን ምን ምን ትያለሽ?"

"ማር ማር" አልኩት።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ።

"ኢንተላ ኮ፣ ውሃ አስገባ?"

"ጠብታ የለም ኦቦ! የእርስዎስ ንብ አስገባ?"

"አንዲት ገባች።"

ጥቁሩን ልብስ ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።

"ዚፑን መዝጋት ረስቼ ነው" አሉ፤ "ጥፋቱ የኔ ነው። ቢጫው አምሮብኛል፤ ልትወስጂው እንዳትመጪ!"