የጅራፉ ድምፅ እስኪመለስ

ዛሬ ከሾላ ገበያ ስመለስ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገት ላይ ልጆች የቡሄ ጅራፍ ሲያጮኹ ሰማሁ። ዝናብ የመታው ባሕር ዛፍ ሸተተኝና ጋሽ ወርቁ ትዝ አሉኝ።

ጋሽ ወርቁ ጎረቤታችን ነበሩ፤ በኤርትራው ጦርነት ጊዜ በባሕር ኃይል መርከብ ላይ መድፈኛ። ልጅ ሳለሁ፣ ቡሄ ሲቃረብ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በራቸው ላይ ጅራፌን ባጮኽ እናቴ፣ "አንተ ቀውስ! እሳቸው ደጃፍ ላይ?" ብላ ተቆጣች።

"ተዪው" አሉ። "ድገመው እስቲ፣ ልጄ።"

ደገምኩ። ድምፁ እንጦጦ ጋራ ላይ አርፎ ተመለሰ። ጋሽ ወርቁ ጆሯቸውን ጋራውን ወደሸፈነው ጉም አዘንብለው ቆዩ።

"ምጽዋን ከባሕር ስንደበድብ የምንሰማው ሲተኮስ ብቻ ነበር" አሉ። "የት እንዳረፈ አይሰማም። እህቴ እዚያ ከተማ ነበር ያገባችው።"

"ተረፈች?"

"ከዚያ ወዲህ ወሬዋ የለም።" ጅራፉን አይተው ፈገግ አሉ። "ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ይሉታል። እኔም እንደሱ ነኝ። በል፣ ድገመው።"

እጄ እስኪዝል ደጋገምኩላቸው። እሳቸው በእያንዳንዱ ጩኸት ጋራውን ያዳምጡ ነበር።

ካረፉ ቆይተዋል። ዛሬም ዳገቱ ላይ የያዝኩትን ዘንቢል ሳላስቀምጥ ቆምኩ፤ የሄደው ድምፅ ከጋራው እስኪመለስ።