ተምር ያለቀበት ጠርሙስ

«ጠግቦ ነው የገደለው? አንተ ራስህ አልነበርክም እንዴ?»

እህቴ ሐናን ወረቀቴን ታርገበግበዋለች። ቢምቢ ስለሚገድለው ባክቴሪያዋ ግጥም ጽፌያለሁ፤ ነገ ለምታስተምራቸው ልጆች ላነብላቸው ነው። በአንዱ ስንኝ ባክቴሪያው ጣፋጭ በልቶ ይጠግብና ሰይፉን ይመዛል።

«ግጥም ነው፣ አቦ! ‹ጠግቦ› ሲባል ያምራል።» ከፊቴ ካለው የጣፋጭ ሳህን አንድ ሙሸበክ ጎረስኩ።

«ያምራል። ግን ውሸት ነው።»

እውነቷን ነው፤ እዚያው ነበርኩ እኮ።

ያኔ ትምህርቴን አቋርጬ፣ ድሬ፣ መጋላ ሰፈር ባለው የአባታችን ጣፋጭ ቤት ሐልዋና ሙሸበክ እየሸጥኩ፣ በመጠቅለያ ወረቀቱ ላይ ስንኝ የምሞካክር ወጣት ነበርኩ። በልጉ ዘንቦ የደቻቱ ወንዝ ደፍርሶ ወርዷል። ጎርፉ ሲያልፍ አሸዋው ላይ የቀሩት ኩሬዎችና የየግቢው በርሜሎች ቢምቢ መፈልፈል ጀመሩ፤ ትኩሳት ያልገባበት ቤት አልነበረም። የሐናን የመመረቂያ ሥራ ታዲያ ይኸው ነበር፦ የቢምቢን ዕጭ የሚገድል፣ ሰውና ከብት ግን የማይነካ ባክቴሪያ፣ እዚሁ ድሬ በሚገኝ ጣፋጭ ማሳደግ። መምህሯ ቁርጡን ነግሯታል፤ ዕጮቹ ካልሞቱ ዓመቱን ትደግማለች።

የኮሌጁ ቤተ ሙከራ መብራት ስለሚጠፋበት ከሱቃችን ጀርባ ያለችውን ክፍል ያዘች። ሙቀቱን እንደሆነ የድሬ ፀሐይ በነፃ ትሰጣለች። ሁለት ጠርሙስ አዘጋጀች። በሁለቱም የሽምብራ ዱቄት የፈላበት ውሃ አለ፤ የሚለያዩት በጣፋጩ ብቻ ነው። በአንዱ አባታችን ለሐልዋ የሚያፈላው ስኳር፣ በሌላው የተምር ጭማቂ።

እኛ ቤት የእንግዳ ኩባያ ባዶ ሆኖ አይታይም፤ ገና ሲጎድል ይሞላል። ሐናንም ያደገችበትን አደረገች፤ ጠርሙሶቹ ውስጥ ላሉት ባክቴሪያዎች ጠዋትና ማታ ጣፋጭ ትጨምርላቸዋለች። አባታችን ከመጋረጃው አንገቱን አስግጎ፣ «እንግዶችሽ በሉ?» ይላታል።

ከዚያ ረመዳን ገባ። እናታችን፣ ቤት የቀረውን ተምር ከሐናን እጅ ወሰደችው።

«ለጾመኛ ነው ወይስ ለተባይሽ?»

«እማ፣ ትምህርቴ ነው!»

«እንግዲያው እሱም ይጹማ!»

ስኳሩ ያልተቋረጠበት ጠርሙስ እንደ ሩዝ ውሃ ነጥቶ ወፈረ። ሐናን ብርሃን ላይ እያነሳች ትስቅለታለች። የተምሩ ግን ሳስቶ፣ ከታች አተላ ዘቅጦበት ማዕዘን ላይ ተረሳ።

የሙከራው ቀን ከበርሜላችን ዕጭ ቀድተን ለሁለት ብርጭቆ አካፈልን። ከየጠርሙሱ ጠብ አደረገችባቸው፤ ቀኑን ሙሉ ጠብቃም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«አንተ እየው። እኔ አልችልም።»

አፍጥር ሊደርስ ነው፤ ከመንገዱ የሳምቡሳ ሽታ ይመጣል። ብርጭቆዎቹ ላይ አፈጠጥኩ።

«የስኳሩስ?» አለችኝ ሳትዞር።

«ይጨፍራሉ።»

«በቃ፣ ደገምኩ።»

«ሐናን፣ የተምሩ አይንቀሳቀሱም።»

«አታሹፍብኝ!»

«ወላሂ!»

ዞረች። በስንጥር ነካ ነካ አደረገቻቸው። ከመደሰቷ በፊት ግራ ገባት። «ያበላሁት ዝም ብሎ፣ ያስራብኩት ገደለ?»

በማግስቱ ኮሌጁ ድረስ ተከትያት ሄድኩ፤ ከጠርሙሶቹ በየጠብታው ማይክሮስኮፕ ላይ አድርጋ አሳየችኝ። የስኳሩ ባክቴሪያዎች እንደ ባቡር ፉርጎ ተቀጣጥለው ይባዛሉ እንጂ ሌላ ነገር የላቸውም። በተምሩ ውስጥ ግን በእያንዳንዱ ሆድ አንድ ሞላላ ፍሬ፣ ከጎኑም እንደ አልማዝ ሹል የሆነች ቅንጣት ትታያለች።

«ምግቡ ሲያልቅ ለክፉ ቀን ያንን ፍሬ ይሠራል፤ ስፖር ይባላል» አለችኝ። «መርዙ ጎኑ ያለችው ቅንጣት ናት። ስፖሩን ሲሠራ እሷንም አብሮ ይሠራታል። እኔ ስኳር ስጨምርለት ክፉ ቀን መቼ መጣለትና!»

«ዕጩን ይጠላዋል ማለት ነው?»

«መኖሩንም አያውቅ።»

ያንን ቀን የደቻቱን ድልድይ የተሻገርኩት በመደነቅ እግሬን ሳላየው ነው። ሐናን ለስኳሩ ጠርሙስ መጨመሯን ተወች፤ ከቀናት በኋላ እሱም ገደለ፣ የተምሩን ያህል ባይሆንም። ለመምህሯ ሁለቱንም አሳየች፤ ስህተቷን ጭምር። ዓመቱን አልደገመችም።

ዛሬም የሚገርመኝ ያ አለማወቁ ነው። ሳይቆጣ፣ ጠላቱን ሳያይ፣ ለራሱ ክፉ ቀን ሲሰናዳ የስንቱን ቤት ሌሊት ሰላም ያደርጋል! እኔ ግን ሰይፍ አስይዤው አረፍኩ።

«‹ተርቦ› በለው» አለች ሐናን ወረቀቱን እያስቀመጠች።

«ቤት አይመታልኝም።»

«እንግዲያው ተርበህ ሞክረው።»

ሳህኑን ከነሙሸበኩ ከፊቴ አንስታ ወጣች። በሩን በእግሯ ዘጋችው።