ሰው አይታይበትም የተባለው ቤት

ጣይባን የሚያውቅ ሰው ስለ እሷ ሲያወራ መጀመሪያ የሚያነሣው ሳቋን ነው። ባሏ ጀማሉዲን ኮምቦልቻ ውስጥ መንገድ ዳር ልብስ ይሰፋ ነበር፤ እሷ ቁልፍ ትተክላለች፣ ጠርዝ ትዘመዝማለች። ደንበኛ ሱሪው ጠበበኝ ብሎ ሲመጣ «ሱሪውስ ያው ነው፤ ሆድህን ጠይቀው» ትለውና ሳቋ እኔ ምግብ ቤት ድረስ ይሰማል። እኔ አስናቀች ነኝ፤ ምግብ ቤቴ ከእነሱ ፊት ለፊት ነበር።

ትርፍ ቤት የተወረሰ ጊዜ ለባልና ሚስቱ የቀረችላቸው ያቺው አንዲት ቤት ናት። በመንገድ በኩል የስፌት ክፍል፣ ከኋላ መኖሪያ፣ ጓሮው ውስጥ ማድ ቤት። ልጅ የላቸውም። ጀማሉዲን በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ታሞ ሲሞት ለጣይባ ከዚያች ቤት በቀር በዚህ ዓለም ላይ መግቢያ አልነበራትም።

ኢዳ ተቀመጠች። ባሏ የሞተባት የእስላም ሴት አራት ወር ከዐሥር ቀን እስኪሞላ ቤቷን አትለቅም፣ አትኳኳልም፣ ባዕድ ወንድ ፊት አትቀርብም። ሸኹ እንኳ «ለሐጃ፣ ለሚያስፈልግሽ ጉዳይ ከሆነ ቀን ቀን መውጣት ይፈቀድልሻል» ብለዋት ነበር።

«ጀማሉዲን ሳይነግረኝ ከቤት ወጥቶ አያውቅም» አለች። «እኔም ይህችን ጊዜ ልቀመጥለት።»

የስፌቱን ክፍል ቆልፋ ከኋላ ሆነች። የቀበሌው ሱቅ ካርድ በሟቹ ስም ስለነበር ተመልሷል፤ በስሟ ለማውጣት ራሷ መቅረብ ነበረባት። እስከዚያው ስኳሩንም ዘይቱንም ከራሴ አካፍላት ነበር።

በዚያ ሰሞን ቢያዝን የሚባል ሰው ከአዲስ አበባ መጣ። የአንድ የውጭ አገር ኩባንያ ጉዳይ አስፈጻሚ ነው። ኩባንያው ኮምቦልቻ ውስጥ የፋብሪካ ማሽን ሊተክል ተዋውሏል፤ ማሽኑ አሰብ ደርሷል፤ ነገር ግን ኩባንያው በከተማው ውስጥ ቀበሌና የቤት ቁጥር ያለው አድራሻ ካላስመዘገበ አይለቀቅም ተብሏል። ባዶ ቤት ደግሞ የለም። ቢያዝን ምሳውን በበላ ቁጥር ይህንኑ ያለቃቅስብኛል። ጆሮዬን ቢያደነቁረኝ ጊዜ «ጣይባን ጠይቃት» አልኩትና በጓሮ ወስጄ መስኮቷ ሥር አቆምኩት። እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነች።

«እትዬ፣ ቤቱን አይደለም የምፈልገው» አላት። «የቤት ቁጥሩን ብቻ ነው። ደብዳቤ ቢመጣልን መቀበያ ይሆነናል።»

«ኪራይ ከሆነ ወንድሜ፣ አዋጁ ይከለክላል። ቤቴን ታስወርሰኛለህ።»

«ምንም ኪራይ የለውም።»

«እንግዲያው እንግዳ ነህ። እንግዳ ደግሞ አይመለስም። አብሽር፣ ቁጥሩን ውሰደው።»

ይህን ብላ ዝም አላለችም፤ እንግዳዬ ነው ብላ ትኩስ ዳቦ በእኔ እጅ ሰደደችለት። ቆርሶ በላ፣ እጇ ይባረክ አለ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጣይባ በመንገድ በኩል መዶሻ ሲመታ ሰማች። ጎረቤት ጣሪያውን የሚያድስ መስሏት ነበር። እኛ ደግሞ በስፌቱ በር ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ እናያለን፤ ጽሑፉን ልብ ብሎ ያነበበው የለም፤ ከኋላ ሆና የተስማማችበት ነው የሚመስለን። ኢዳ ላይ ላለች ሴት ስለ ሰሌዳ ማን ያወራል?

ኢዳዋ ሲያልቅ ታጠበች፣ ነጭ ለበሰች። እኛ ሴቶቹ ይዘናት በጓሮ ወጥተን ወደ መንገዱ ዞርን። ቀና ብላ በሯን አየችና ቆመች። ማንበብ በመሠረተ ትምህርት ነው የተማረችው፤ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ፊደል በፊደል ወረደች። ላይኛው የኩባንያው ስም ነው። ከሥሩ «የቀበሌ ቤት» ይላል። ታችኛውን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«አስናቀች፣ ይሄ የማን ቤት ነው?» አለችኝ።

እጇን ያዝኩ። እንዲሁ እንደለበሰች ቀበሌ ሄድን። ሊቀ መንበሩ ወርቅአፈራሁ ከደሴ ተዛውሮ የመጣ ነው፤ አያውቃትም።

«ቤቱ የሟች ነው» አለ። «ስብሰባ የመጣ የለም፤ ካርድ ያወጣ የለም። ኩባንያው ባዶ ቤት አገኘሁ ብሎ አመለከተ፤ አጣርተን ወረስንና ሰጠነው።»

«እኔ እኮ አለሁበት» አለች ጣይባ።

«ማን አየዎት? ሰው እንደማይታይበት ጎረቤት ምሎ መስክሯል።»

ጎረቤት የተባሉት አቶ ሸረፈዲን ነበሩ፤ ከጣይባ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰኑ የጨው ነጋዴ። እሳቸው እንዲህ ያደርጋሉ ከሚሉኝ ቀን ጨለማ ነው ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። ተጠርተው መጡ። ነገሩ ሲነገራቸው ፊታቸው አመድ መሰለ።

«የቀበሌው ጓዶች መጥተው፣ እዚያ ቤት ሰው ሲወጣ ሲገባ ታያለህ ወይ አሉኝ» አሉ። «ኢዳ ላይ ስላለች ሴት! ወንድ ይገባል ብለው ስሟን ሊያጠፉ የመጡ መሰለኝ። ወላሂ፣ ሲወጣም ሲገባም ማንንም አይቼ አላውቅም አልኳቸው። ለክብሯ ብዬ ነው የማልኩት።»

«እሷንስ አይተዋት ያውቃሉ?» አለ ወርቅአፈራሁ።

«በዚያ በኩል ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ።»

«እንግዲያው አላዩም።»

እኔ ጮህኩ፤ ስኳር ያካፈልኳት እኔ ነኝ፣ የሞተ ሰው ስኳር ይልሳል ወይ አልኩት። ተረጋጊ አለኝ። ቢያዝንን ብፈልግ ማሽኑን ሊያወጣ አሰብ ወርዷል። ዳቦዋን በልቶ ቤቷን ባዶ ነው ያለ ሰው፣ ከዚያ ወዲያ ምግብ ቤቴ ደጃፍ ላይ አልታየም። ደሴ አውራጃ ድረስ አቤት ብንልም የተመዘገበ አድራሻ አይነካም አሉን። ለጣይባ የራሷን ማድ ቤት በኪራይ ሰጧት።

አቶ ሸረፈዲን ግን ከማግስቱ ጀምሮ ሌላ ሰው ሆኑ። ጠዋት ጠዋት ሱቃቸውን ሳይከፍቱ በጓሮው በር ላይ ይቆሙና፣ ያ አንገቱን ደፍቶ የሚያልፍ ሰው፣ ቀና ብለው ሰፈሩ እስኪሰማ ይጮሃሉ።

«ጣይባ፣ አይቼሻለሁ!»

መጀመሪያ በሩን ትዘጋባቸው ነበር። አንድ ቀን ከማድ ቤቱ ወጣች። ሳቅ የለ፣ ቁጣ የለ።

«እኔን አዩኝ» አለቻቸው። «ቤቴንስ፣ አቶ ሸረፈዲን?»

አንገታቸውን ደፍተው ወደ ሱቃቸው ሄዱ። በማግስቱ ግን መጥተው ያንኑ ጮሁ፤ እስኪሞቱ ድረስም አንድ ጠዋት አላስታጎሉም።