ለጤና ጣቢያው የሰጠሁት ስም

አክስቴ የሞተችበት ጎጆ አሁንም ድረስ ዓይኔ ላይ አለ። ከዋናው ቤት ጀርባ፣ ከበረቱ አጠገብ፣ እሷን ለብቻዋ ለማስተኛት የተሠራ ነበር። ደም ይፈስሳት ነበር። መጀመሪያ በወር በወሩ ነበር፤ በኋላ ማቆሙን ተወ። እኛ አገር፣ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም፣ ደም የሚፈስሳት ሴት የቤተ ክርስቲያን ቅጥር አልፋ አትገባም። አክስቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሴ የሰማችው ከውጭ፣ የድንጋዩን ካብ ተደግፋ ነው። የምትቀመጥበትን ቁርበት ይዤ የምከተላት እኔ ነበርኩ። ያሳደገችኝ እሷ ናት። ስትሞት ምን እንደገደላት የነገረን ሰው የለም፤ እኛም አልጠየቅንም።

በሽታው ስም እንዳለው የሰማሁት ጉለሌ ከገባሁ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ነው። የሴቶች ማኅበሩ ሊቀመንበር ከወረቀት እያነበበች፣ የማኅፀን ነቀርሳ የሚባል በሽታ እንዳለ፣ ሳያምም ቀስ ብሎ እንደሚያድግ፣ ቀድሞ ከታየ እንደሚድን ነገረችን። ከወዳጅ አገር የመጣች ሴት ሐኪም ጤና ጣቢያው ውስጥ ትመረምራለች፤ ሠላሳ ዓመት ያለፋት የቀበሌው ሴት ሁሉ በተራ ትሄዳለች። «ምልክቱ ያልተለመደ ደም ነው» ብላ ስታነብ ቁርበቱ ትከሻዬ ላይ ያለ መሰለኝ።

ያን ጊዜ ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ወደ ሰሜን ስንቅ ሲያመላልስ ወር ከአሥራ አምስት ቀን ይጠፋል። እኔ ሽሮ ሜዳ አካባቢ በተከራየናት አንድ ክፍል ውስጥ ጥጥ እፈትላለሁ። ማጉን የሚወስደው ጎረቤቴ ሸማኔው ነው። እሱና ሚስቱ ከጋሞ ደጋ የመጡ ናቸው፤ እንደኔው አገራቸው ሩቅ ነው። ሚስቱ ሳቅ የማያልቅባት ሴት ናት። ምርመራው ከተነገረ በኋላ የፈተልኩትን ማግ ባሏ ዘንድ ወስዳ፣ ወዲያው መልሳ አመጣችልኝ።

«ምነው፣ እጅሽን አሞሻል?» አለችኝ። «ባለቤቴ ይኼ ማግ ነው ገመድ ብሏል።»

አየሁት። አንዱ ቦታ ወፍሯል፣ አንዱ ቦታ ጓጉሏል፣ አንዱ ቦታ ሊበጠስ ቀጥኗል። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ ያለ ፈትል ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።

ጤና ጣቢያው የሄድነው አብረን ነው። ሰልፉ ረጅም ነበር። ከፊቴም ከኋላዬም የቀበሌያችን ሴቶች ናቸው። መዝጋቢዋ ነርስ ጠረጴዛዋን በሩ አጠገብ ስላደረገች የምትጠይቀውንም የሚመለስላትንም ሁሉም ይሰማል። ተራዬ እየቀረበ ሲመጣ አንድ ነገር ብቻ አስብ ነበር፤ ነቀርሳ የሚል ወረቀት ላይ የኔ ስም ይጻፋል፣ ወረቀቱ ቀበሌ ይደርሳል፣ ከዚያ በኋላ እኔ እዚህ ሰፈር እንደ አክስቴ ነኝ።

«ስም?» አለችኝ ነርሷ።

ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ የክርስትና ስሜን ነገርኳት።

እንዴት እንዳደረግሁት ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል። እናቴ የክርስትና ስሜን ከንስሐ አባቴ በቀር ለማንም እንዳልናገር አስጠንቅቃኝ ነው ያደግሁት። ክፉ ሰው እጅ ከገባ ድግምት ይደገምበታል ይባላል። ባለቤቴ እንኳ አያውቀውም። ግን በዚያች ደቂቃ ጥንቃቄ የመሰለኝ እሱ ነው። ቀበሌው የማያውቀው ስም ነው፤ እግዚአብሔር ግን ያውቀዋል። ወረቀቱ ክፉ ይዞ ቢመጣም ከእርሱና ከኔ ሌላ የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

«የአባት ስም?»

የአባቴንም የክርስትና ስም ሰጠሁ። እሱን የማውቀው ፍትሐቱ ላይ ሲጠራ ሰምቼ ነው። ነርሷ ቀና ብላ ሳታየኝ ጻፈች።

ስለ ምርመራው ብዙ አልጽፍም። ሐኪሟ ሁለት የአማርኛ ቃል ነበራት፣ «ተኚ» እና «አይዞሽ»። ብረቱ ይቀዘቅዛል። ጣራ ጣራውን እያየሁ ውዳሴ ማርያም ጀመርኩ፤ በቃሌ የማውቀው ጸሎት ሰኞው ላይ ተሰወረብኝ። ከውስጤ በእንጨት የጠረገችውን አንድ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ቀባችው። አለቀ። ውጤቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው ተባልን።

ቤት ስደርስ ደም አየሁ። ትንሽ ነው፣ የጣት ጫፍ የምታህል። ለጎረቤቴ ስነግራት «እኔም አለኝ፣ በእንጨት ተፍቀሽ ምን ልትጠብቂ ነበር?» አለችኝና ወደ ሥራዋ ሄደች። በሦስተኛው ቀን ቆመ። እኔ ግን ቆመ ብዬ ማመን አልቻልኩም። በቀን ሰባት ስምንት ጊዜ አያለሁ። እሁድ ሲሆን ዳገቱን ወጥቼ ቁስቋም ማርያም እደርስና ከቅጥሩ ውጭ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር እቆማለሁ። በሚቀጥለውም እሁድ እንደዚያው። አክስቴ ካቡን እንዴት አድርጋ ትደገፍ እንደነበር ጀርባዬ ያውቀው ነበር።

ሦስት ሳምንቱ አለቀ። ጎረቤቴ መታወቂያዋን ይዛ ሄዳ ደህና የሚል ወረቀት ይዛ ተመለሰች። እኔ ዛሬ ነገ እያልኩ ቀረሁ። በዚያው እሁድ ስብሰባ ተጠራ። ስብሰባው በቅዳሴ ሰዓት ነው፤ እኔ እንደሆነ ቅዳሴ ከውጭ ነኝ፣ ሄድኩ። ሊቀመንበሯ የጤና ጣቢያውን ዝርዝር ዘረጋች።

«ከቀበሌያችን አንዲት ሴት ብቻ ሳትመረመር ቀርታለች» አለችና ስሜን ጠራች።

ተነሣሁ። «ሄጃለሁ፣ ጓድ።»

«ዝርዝሩ አልሄደችም ይላል።»

«ዝርዝሩ ተሳስቶ ይሆናል።»

«ማኅተም አለበት፣ ጓድ።»

«ማኅተም ካለበትማ አልሄደችም» አለች ከኋላ አንዷ፤ አዳራሹ ሳቀ።

ጎረቤቴ ተነሣች። «ከሷ ኋላ የተሰለፍኩት እኔ ነኝ። ስትገባም ስትወጣም አይቻታለሁ። ስትወጣ ባዘቶ መስላ ነበር።»

«ታዲያ ስሟ የት ሄደ?»

ጎረቤቴ ወደ እኔ ዞረች። ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ስሜ የት እንደሄደ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ልናገረው ግን አልችልም። ሊቀመንበሯ የቀበሌ ሱቅ ካርዴን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ ተመርምሬ ማስረጃ ሳመጣ ትመልስልኛለች።

ወደ ቤት ስንወርድ ጎረቤቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«እውነቱን ንገሪኝ፤ በሌላ በር ነው የሸሸሽው?»

«ተመርምሬአለሁ። ሌላ ስም ነው የሰጠሁት።»

«የማንን?»

«የራሴን።»

ቆም ብላ አየችኝ። ሲገባት መንገዱ ዳር ቁጭ እስክትል ሳቀች። «የክርስትና ስምሽን? ለነርስ? አንቺ ሴትዮ፣ ባልሽን የደበቅሽውን?» ከዚያ ፊቴን ስታይ ሳቋን ዋጠች። «በይ ነገ ሄደሽ ንገሪያቸው። ይኼ ምን አለው።»

ሄድኩ። ነርሷ መታወቂያዬን ተቀበለች። ጎንበስ ብዬ ያንን ስም ደገምኩላት። ከሳጥኑ አንድ ፖስታ አወጣች፣ መታወቂያዬን አየች፣ ፖስታውን አየች።

«መታወቂያው ላይ ያለው ሌላ ነው።»

«ሁለቱም እኔ ነኝ።»

«እህቴ፣ የሌላ ሰው ውጤት ልሰጥሽ አልችልም። ነገ ባለቤቷ ብትመጣ ምን እላታለሁ? ደግሞ እሷን እኛም እየፈለግናት ነው።»

«ለምን?»

«ለሷ ነው የምነግራት» አለችና ፖስታውን መልሳ ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው።

እየፈለጓት ነው። ጤና ጣቢያ ደህና የሆነን ሰው ምን ብሎ ይፈልጋል? ከበሩ እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። እዚያ ሳጥን ውስጥ የኔ ነገር ተጽፎ ተቀምጧል፣ እኔ ደግሞ እኔ መሆኔን የማስረዳበት የለኝም። በመታወቂያዬ ስም ብመረመር እንደገና ሦስት ሳምንት ነው፤ ያኛው ፖስታ ግን ሳጥኑ ውስጥ እኔን እየፈለገ ይኖራል። ዝም ብል ካርዴ የለም፣ ሱቁ የለም፣ እንደ ሸሸሁ ይቆጠራል። አገሬ ብሄድ ስሜን የሚያውቁት እናቴና የቀድሞው ንስሐ አባቴ ሁለቱም ከመሬት በታች ናቸው። በዚያ ሳምንት አንድ እንዝርት እንኳ አልሞላሁም።

እሁድ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ ሳለሁ ጉለሌ ከገባሁ ወዲህ የያዝኳቸው የቁስቋሙ ንስሐ አባቴ ከቅዳሴ ወጥተው አገኙኝ።

«ልጄ፣ ከዚህ ስንተኛ እሁድሽ ነው?»

«አራተኛዬ ነው፣ አባቴ።»

«ደሙ አልቆመም?»

«በሦስተኛው ቀን ቆሟል።»

«ታዲያ?»

«የቆመ አልመሰለኝም።»

መስቀላቸውን አሳለሙኝና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አክስቴንም፣ ነርሷንም፣ ሊቀመንበሯንም። ሲሰሙ ቆይተው፣

«ለመሆኑ የሄድሽው ልትመረመሪ ነው ልትቆርቢ?» አሉኝ።

ሳቅ አልመጣልኝም። እሳቸውም አልሳቁም። «ማክሰኞ አብሬሽ እሄዳለሁ። ሌላው ግን፣ ያ ቁስል ነው እንጂ የወር አበባ አይደለም። ከቆመ ወዲያ ውጭ መቆምሽ ጾም አይደለም፣ ጽድቅም አይደለም። ፍርሃት ነው። ከአሁን ወዲያ ትገቢያለሽ። ገዝቼሻለሁ።»

ማክሰኞ ጠዋት ጥምጥማቸውን አስረው፣ ጭራቸውን ይዘው መጡ። ጤና ጣቢያው ስንገባ ሰልፍ የያዙት ሴቶች መስቀል ሊሳለሙ አንድ በአንድ ተነሡ። ግድግዳው ላይ የመሪው ፎቶግራፍ አለ። ነርሷ ግራ ገባት።

«አባ፣ ምን ልርዳዎት?»

ጠረጴዛዋ ላይ ጎንበስ ብለው ሹክ አሏት። «ይህን ስም በዚህ ከተማ ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። አሁን አንቺ አወቅሽ። የዚህች ልጄ ነው።»

«እዚህ የቄስ ምስክርነት አንቀበልም፣ አባ» አለች፤ ግን ቀስ ብላ ነው ያለችው። ጣቷ ወደ ጋዋኗ አንገት ሄዶ አንድ ነገር ነካ። ጥቁር ክር ነው፤ ማተቧን ከውስጥ ደብቃ አስራ ኖሯል። ከዚያ ሳጥኑን ሳበችና ፖስታውን ቀደደችው።

የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዤ ነበር።

«ይደገም ይላል።»

«ምን ማለት ነው?»

«መስታወቱ ላይ የተቀባው አልታየም። ደም ሸፍኖታል። ስንፈልግሽ የነበረው ለዚህ ነው።»

«በሽታው አለ ነው?»

«አለም አላለም፣ የለምም አላለም።»

አንድ ወር ሙሉ የፈራሁት ወረቀት ባዶ ነበር። ሊቀመንበሯ በግድ ድገሚ ያለችኝን ወረቀቱም ድገሚ አለኝ። ደስ ይበለኝ ይክፋኝ አላወቅሁም።

«ዶክተሯ ዛሬ አለች» አለች ነርሷ አዲስ ካርድ እያነሣች። «ስም?»

ንስሐ አባቴ ደጅ አግዳሚው ላይ ሊቀመጡ ወጡ። ከኋላዬ የቀበሌያችን ሴቶች ቆመዋል። ቀና ብዬ ሁሉም እንዲሰማ የመታወቂያዬን ስም ተናገርኩ።

እንደገና ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። ካርዴ ተመለሰልኝ። እንደ ግዝታቸው ቁስቋም ገብቼ ከሴቶቹ መካከል ቆሜ አስቀደስኩ። ውስጥ ብገባ የሚለቀኝ መስሎኝ ነበር፤ ፍርሃቱም ነጠላውን አጣፍቶ አጠገቤ ቆመ። ቅዳሴ ሲወጣ አብሮኝ ዳገቱን ወረደ። በቀጠሮዬ ቀን ነርሷ ስሜን በረንዳው ላይ ጮክ ብላ ጠራችው። ደህና ነበር።

«እንግዲህ ከዓመት በኋላ ትመለሻለሽ» አለችኝ።

«ደህና ነው አላልሽኝም?»

«ነው እንጂ። ግን ምርመራው በየዓመቱ ነው።»

ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር፤ ወይ ተነግሮ አልሰማሁትም። ደህና ማለት ያለቀ ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ ለአንድ ዓመት ብቻ ነው የሚለቁኝ።

ሐኪሟ አገሯ እስክትመለስ ድረስ በየዓመቱ ሄጃለሁ፤ ከዚያ በኋላም ሌላ ቦታ እየፈለግሁ። ፍርሃቱ አንድም ዓመት አልቀረም። ቀጠሮው ሳምንት ሲቀረው ጸሎቱ ሰኞ ላይ ይሰወርብኛል፣ እንቅልፌ ይሸሻል። ለጎረቤቴ አልነግራትም፤ መንገርም አያስፈልገኝም። በሁለተኛው ዓመት ማጉን ወስዳ ብዙ ሳትቆይ ይዛው ተመለሰች፤ ሳትቀመጥ፣ በሩ ላይ እንደቆመች እየሳቀች፣

«ባለቤቴ ይኼን አየና ምን አለ መሰለሽ?» አለችኝ። «ምርመራዋ ደርሷል፣ አብረሻት ሂጂ።»