«የለም» የማይል ሰርቨር

ካዛንቺስ ግማሹ በፈረሰ ሰሞን ለአንድ የቤት ማኅበር ሲስተም እንሠራ ነበር። አባላት ከቤት ዕጣው በፊት ቀርበው ስማቸውን ያረጋግጣሉ፤ ያላረጋገጠ ዕጣ ውስጥ አይገባም። የእኔ ድርሻ፣ ዳታቤዙ ያለበት ሰርቨር ችግር ሲገጥመው በምዝገባ መስኮቶቹ ላይ ላሉት ኮምፒውተሮች ምን ብሎ እንደሚመልስ መወሰን ነበር።

ስህተቱን ለሁለት ከፈልኩት። መስመር ከተቋረጠ «እባክዎ ትንሽ ቆይተው ይሞክሩ» ይላል። ስሙ ጭራሽ ከሌለ ግን «ስምዎ የለም፤ የአባልነት ካርድዎን ያሳዩና ይመዝገቡ»። ለሌለ ስም መጠበቅ ምን ይፈይዳል?

የቢሯችን ሥራ አስኪያጅ ይህን ሲያይ ፊቱ ተኮሳተረ።

«ማለቴ፣ ትልቅ ሰው እንዴት የለህም ይባላል? ነውር አይደል እንዴ? በቃ፣ ለሁሉም ኢረር ቆይተው ይሞክሩ በል።»

«ሰርቨሩ እኮ እንደሌሉ ያውቃል።»

«ለራሱ ይወቅ።»

አልነካውም ስለው ሥራውን ለባልደረባዬ ሰጠው፤ ከምሳ በፊት አለቀ። እንዲህ ያለውን ጨዋነት እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ።

የስም ማረጋገጫው ምዝገባ የተዘጋ ዕለት ከፎቁ ቢሯችን ስወርድ፣ ታች ባለው የምዝገባ አዳራሽ ውስጥ አንዲት እናት ብቻ ቀርተዋል። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ቤታቸው ፈርሶ ጎተራ ኮንዶሚኒየም፣ በልጃቸው ቤት ሳሎን ውስጥ ያድራሉ። መስኮቱ ላይ የምትሠራው ጸሐፊ ኮምፒውተሯን እያጠፋች ነበር።

«እማማ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይመላለሳሉ» አለችኝ። «ሁሌም ቆይተው ይሞክሩ ነው የሚለው።»

ተመልሼ ወጥቼ ከሰርቨሩ ላይ አየሁት። ስማቸው ከወረቀት ሲገለበጥ ተዘሏል። ሰርቨሩ በመጀመሪያው ጠዋት አውቆ ነበር፤ እንዳይናገር የተደረገው እዚሁ፣ በእኛ ቢሮ ነው። ወርጄ ነገርኳቸው፤ ካርዳቸውን ቢያሳዩ ኖሮ የዚያኑ ቀን ይመዘገቡ እንደነበርም ጨምሬ።

ቦርሳቸውን ከፈቱና ካርዱን አወጡ።

«ይኸው፣ በየቀኑ ይዤው ነው የምመጣው። ማንም አልጠየቀኝም።»

ሥራ አስኪያጁ ድምፅ ሰምቶ ወረደና እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ።

«አይዞዎት እማማ፣ ትንሽ ይታገሡን፣ እናየዋለን።»

ምዝገባው ስለተዘጋ የሚታይ ነገር እንደሌለ ያውቃል። እሳቸው ግን ከወገባቸው ጎንበስ ብለው አመሰገኑት፤ ከዚያም ተመልሰው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።